ቃሌን የሰጠሁበት ቀን

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ደክሞኛል። እኛ ማሳጅ ቤት ወገቧን ልትታሽ የመጣች የቂሊንጦ ፋብሪካ ሠራተኛ ዛሬ ሰዓቷ ሳያልቅ እያለቀሰች ወጣች። "አቁም እያልኩት የማይነካ ቦታ ነካካኝ" አለችኝ። እንግዳ ተቀባይ ስለሆንኩ ስሞታው መጀመሪያ የሚደርሰው እኔ ጋ ነው። በዚሁ ማሳጅ በሚሠራው ሰውዬ ላይ ስሰማ ይሄ ሦስተኛዬ ነው።

ለአሠሪዬ ስነግራት፣ "እንጀራሽን ከወደድሽ ዝም በይ" አለችኝ። ልጅቷን ይዤ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ።

ቃላችንን የተቀበለችው ፖሊስ፣ "ከዚህ በፊት ሰምተሽ ታውቂያለሽ?" ስትለኝ ልጅቷ ዞራ አየችኝ።

"አዎ፣ ሁለቴ። ዝም አልኩ።"

ስንወጣ ልጅቷ፣ "ያኔ ተናግረሽ ቢሆን እኔ እዚያ አልጋ ላይ ባልተኛሁ" አለችኝ። ታክሲ እስክንይዝ ግን ክንዴን አልለቀቀችም።