ከእማዬ ክፍል ሥር ያየሁት

ለውድ እህቴ ለጀዊሪያ ሙሐዲን፣

አሰላሙ ዐለይኪ ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ነሽ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ ወገብሽን የሚያምሽ ነገር ተሻለሽ ወይ? በዚህ ወር የጅዳ ሙቀት እንደሚብስ ከዚያ ለእረፍት የመጣችው ኡመይማ ስታወራን፣ እኛ ብርዱን ፈርተን ጋቢ ደርበን ነበር የምንሰማት። እኛ ለጤናችን አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የናፍቆትሽን ነገር ግን ባልጀምረው ይሻላል።

በወረቀት የጻፍኩልሽ ለወግ አይደለም። የምትደውዪው በማዳምሽ ስልክ ነው፤ በዚህ በኩል ደግሞ ስልኬ ከእማዬ ጆሮ አይላቀቅም። እሷ ሳትሰማ የምነግርሽ ነገር ስላለኝ፣ ኡመይማ ቅዳሜ ስትመለስ በእጅሽ እንድትሰጥሽ አደራ ብያታለሁ። ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

የምትስቂበትን የሪሞት መኪና ሥራዬን አልተውኩም። እሁድ እሁድ አሁንም ከጓደኛዬ ከእንድርያስ ጋር ምናለሽ ተራ ወርደን የተጣለ ዕቃ ስንበረብር እንውላለን። አሁን የሠራናት ስድስት ጎማ አላት። ጎማዎቹ ከአሮጌ ነጠላ ጫማ የተቆረጡ ናቸው፣ ሞተሮቿ ከተበላሸ ፕሪንተር፣ አካሏ ቢጫ ጀሪካን። ፊቷ ላይ ከጃንጥላ ሽቦ የሠራንላት ዕቃ የምታነሳ እጅ አለቻት። ቀርፋፋ ስለሆነች «ኤሊ» አልናት። እማዬ እንኳ ክር ከወለሉ ስታነሳላት አይታ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ነበር።

ክረምቱ ሳይገባ እንደ ልማዳችን የሰፈሩ ሰው ቦይ ሊጠርግ ወጣ። ከግቢያችን ሥር የሚያልፈው የድሮው የድንጋይ ቦይ ተዘግቷል፤ የት ጋ እንደተዘጋ ግን ሰው ገብቶ ማየት አይችልም። የፊት ለፊቱ ጎረቤታችን አቶ ዓምሃ ያቺ መኪናህ ለምን አትገባም አሉኝ። እንዴት እንደኮራሁ አትጠይቂኝ። ገመድ አሰርንላት፣ መብራትና ረጅም ሽቦ ያለው ካሜራ ገጠምንላትና ለቀቅናት። ምስሉም ድምፁም ስልኬ ላይ ይመጣል። ግቢው በሙሉ ትከሻዬ ላይ ተንጠልጥሎ ያያል። የጠፋ የድስት ክዳን ሲገኝ ተሳቀ፣ የአቶ ዓምሃ አንድ እግር ጫማ ሲገኝ ደግሞ የባሰ ተሳቀ።

ከዚያ የቦዩ ግንብ አለቀ። ጎርፉ ድንጋዩን ንዶ፣ አፈሩን ጠርጎ ወስዶ፣ ኤሊ እንደ ዋሻ ያለ ባዶ ቦታ ውስጥ ገባች። መብራቱን ወደ ላይ ሳደርገው የቤት ወለል ከሥሩ ታየን። ሰው የማን ቤት ነው እያለ ሲከራከር ከስልኩ ውስጥ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ መጣ። የእማዬ የስፌት መኪና ነበር። ፔዳሉን በረገጠች ቁጥር ከላይ አፈር ይረግፋል። ጀዊሪያ፣ ሮጬ ገብቼ ተነሺ ስላት ምን ሆነህ ነው፣ ቀሚሱ ለነገ ይፈለጋል አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ሰላም የለኝም። ያን ቀን ሲስቅ የነበረው ሰው አሁን ሰላምታ ይነፍገኛል። ወረዳው ከሰማ ግቢውን በሙሉ አንስቶ የማናውቀው አገር ይወስደናል ብለው ፈርተዋል፤ ፍርሃታቸውም ሐሰት አይደለም። አቶ ዓምሃ ለብቻዬ ጠርተውኝ፣ «አሹ፣ ልጄ፣ ያየነውን እንዳላየን እንሁን። ቪዲዮውን አጥፋው» አሉኝ። አላጠፋሁትም። እንድርያስ እንሂድና እናመልክት ይለኛል። አንድ ቀን እስከ ወረዳው በር ሄጄ ተመለስኩ፤ እማዬ «ብታመለክትም ከዚህ ንቅንቅ አልልም» ብላ ምላለችና። ባለፈው ከዘነበው ዝናብ በኋላ ከአልጋዋ ራስጌ ግድግዳው ተሰንጥቋል። እሷ መጋረጃ ሰቀለችበት።

ቢያንስ ክረምቱን ከግቢው ማዶ እኔ ክፍል ተኚ ብዬ ለመንኳት። እግሯ ላይ ወድቄ ነው የለመንኳት። የመለሰችልኝን እንዳለ ልጻፍልሽ፦ «የመንግሥት ቤት ባዶውን ካገኙት ይወስዱታል። ልጄ ለመውሊድ እመጣለሁ ብላኛለች። መጥታ የማንን በር ታንኳኳ?»

አንቺና እኔ የምናውቀውን እሷ አታውቅም። ኮንትራትሽን ለሁለት ዓመት እንዳደስሽ በኡመይማ በኩል ለእኔ ብቻ ነው የነገርሽኝ። ለአረፋ አልሽ፣ አሁን ደግሞ ለመውሊድ አልሽ፤ ሆዷ እንዳይባባ ብለሽ እንደሆነ አውቃለሁ፣ አልፈርድብሽም። እኔም አብሬሽ ዝም ብያለሁ። ግን ያ ክፍል ውስጥ ያስቀመጣት ይሄ ተስፋ ነው። እኔ ብነግራት ልታስወጣኝ ነው የምትዋሸው ትለኛለች። ካንቺ አፍ ካልሰማችው አታምንም። ለተነጠፈው አልጋሽ በየሳምንቱ አንሶላ ትቀይርለታለች።

ኡመይማ ሌላውን በቃሏ ታጫውትሻለች። እንድርያስ ሰላም በልልኝ ብሏል። አቶ ዓምሃም ቢያኮርፉኝ አንቺን ሰላም ከማለት አልቦዘኑም። ትንሿ እህታችን ሙኒያ ጉንጭሽን ትስማለች፤ እማዬን ብቻዋን አልተዋትም ብላ አሁን እዚያው አብራት ነው የምትተኛው፣ እሷንም ማውጣት አቃተኝ። እማዬ ደብዳቤ እንደምጽፍ ባታውቅም ሰላምታዋ መቼም ካንቺ አይለይም።

ስትደውዪ መጀመሪያ የምትጠይቅሽ መቼ እንደምትመጪ ነው። እህቴ፣ እባክሽ፣ ያን ጊዜ አትራሪላት።

ወንድምሽ አሽረፍ ሙሐዲን
ጉለሌ፣ ቀጨኔ
ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.