ጋቢ የለበሰችው ወፍ

ይድረስ ለወንድሜ ሙሌ፣ ጅቡቲ

ከሁሉ አስቀድሜ ኃጢአቴን ልናዘዝ፤ እኔ እህትህ ሶሲ፣ አንዲት የሰው ወፍ ያለ ባለቤቷ ፈቃድ ጋቢ አልብሻለሁ። ጤናህስ እንዴት ነው? የወደቡ ሙቀት አቀለጠህ ወይስ ገና ነው? አብሮህ የሚኖረው ከሊፋስ ደህና ነው? እኛ ሊፍት አልባውን አራተኛ ፎቅ እየወጣን እየወረድን፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን።

የወፏ ነገር እንዲህ ነው። ትተህልኝ በሄድከው ላፕቶፕ ላይ ያለውን ነፃ የጽሑፍ ፕሮግራም ታስታውሰዋለህ? ኮዱ ለማንም ክፍት ስለሆነ ገባሁበትና የአማርኛ ፊደል ግድፈት የሚያርም ክፍል ጨመርኩበት። ምልክቱ ላይ ያለችው ወፍ ብርድ የመታት ስለመሰለኝ ጋቢ ደረብኩላት። አሁን የብሎካችን ተማሪ ሁሉ የሚጽፈው በሱ ነው። ጎረቤታችን ነስሪን የመመረቂያ ጽሑፏን አጋምሳበታለች።

ባለፈው ሳምንት ከፕሮግራሙ ባለቤቶች ኢሜይል መጣ። ኮዱን እንደፈለግሽ ቀይሪ፣ አሰራጪ፤ ስሙና ወፏ ግን የንግድ ምልክታችን ናቸው፣ ሰው ያንቺን የኛ ብሎ እንዳይሳሳት እስከ ወሩ መጨረሻ አንሺልን ይላል።

ጥፋቴ ለአባባ ማሳየቴ! ሠላሳ ዓመት የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የሠሩ ሰው ናቸው፤ ኢሜይሉን ሜክሲኮ ድረስ ወስደው አሳተሙት፣ የኮንዶሚኒየም ኮሚቴውን ማህተም መቱበት፣ ቁጥር ሰጥተው ገቢ ደብዳቤ አደረጉት። ከዚያ ፕሮግራሙን ከነጭራሹ አጥፍቼ የይቅርታ ማመልከቻ በሦስት ኮፒ እንዳስገባ አዘዙኝ።

አላጠፋም አልኳቸው። ወፏ የነሱ ናት፣ ትሂድ! ኮዱን ግን ከፕሮግራሙ ጋር የመጣው የአጠቃቀም ፈቃድ ራሱ ሰጥቶኛል። አባባ ኢሜይሉን በሁለት መነጽር አንብበው እንኳ «ቀይሪ፣ አሰራጪ» የምትለዋን አንቀጽ ዘለሏት። የተፈቀደልኝንም ፈርቼ ልመልስ? ነስሪንንስ ጽሑፍሽን አቋርጪ ማን ይበላት?

ስለዚህ ዛሬ ስሙን «መዝገብ» አልኩት። ወፏንም አንስቼ የራሴን ምልክት ሳልኩ፤ መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ የወረደ፣ ማህተም የጨበጡ፣ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ። ጋቢው የኔ ነው፣ አልሰጥም። ሽማግሌው ማን እንደሆኑ አልነግርህም። ፈቃድም አልጠየቅኳቸው።

እማዬ በደንብ ብላ ብላሃለች። ታናሻችን የአብስራ ኳስ ላክልኝ ይላል። አባባም ሰላም ብለውሃል፤ ሳሎን ናቸው፤ ነስሪን ላፕቶፗን ይዛ መጥታ አዲሱን ምልክት እያሳየቻቸው ነው። ሳቋ ይሰማኛል። የሳቸው አይሰማኝም።

«ሶስና ተሰማ!» እያሉ ነው፣ እንደ ችሎት፣ ከነአባት ስሜ። ልቅረብ።

ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ አዲስ አበባ
ግንቦት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.