ሦስት ኪሎዋት ይበቃሻል ያልኩሽ ጄኔሬተር

ይድረስ ለታናሽ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ያ የወገብሽ ነገር ተሻለሽ ወይ? እኛ ደህና ነን። የእማዬ ትንፋሽ ደህና ነው፤ ምላሷማ ከሁላችንም ይበረታል። እኔም ከጉልበቴ በቀር አለሁ።

ይህን የምጽፍልሽ በስልክ መናገር ስላቃተኝ ነው። ሦስት ጊዜ ደውዬ፣ ድምፅሽን ስሰማ ስለ ዝናቡ አውርቼ ዘጋሁት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ባለፈው ወር አልጋና ማድቤት ያለው መኪና መግዛትሽን፣ እማዬን ይዘሽ ሦስት ወር አገር ለአገር ልትዞሪ መሆኑን የነገርሽን ጊዜ እሷ ምን እንዳደረገች ልንገርሽ። በማግስቱ ፀጉሯን ተሠራች። ከዚያ ጎረቤቱን ሁሉ እያዳረሰች «ልጄ ጎማ ያለው ቤት ገዝታ ልትወስደኝ ነው» ስትል ዋለች። ልጄ ማለቷ አንቺን ነው። አሥራ አንድ ዓመት መድኃኒቷን በሰዓቱ የሰጠኋት፣ ስትተኛ የምታጠልቀውን የትንፋሽ ማሽን ቱቦ በየሳምንቱ የማጥበው እኔን ለሰው ስታስተዋውቀኝ «ይቺ ከእኔ ጋር የምትኖረው ናት» ነው የምትለው። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል። እርር ድብን አልኩልሽ። ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ምን ቀረኝ፣ እንደ ሕፃን ቀናሁብሽ።

አንቺ ደግሞ በዚያው ሰሞን «መኪናው ላይ የሚገጠም ጄኔሬተር ምረጪልኝ» ብለሽ የምትጠቀሙባቸውን ዕቃዎች ዝርዝር ላክሽልኝ። ሃያ ዓመት ጄኔሬተር ስፈታ ስገጥም ለኖርኩት ለእኔ ካልላክሽ ለማን ትልኪያለሽ? ወርክሾፕ ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ በቀይ እስክሪብቶ ደመርኩት። አየር ማቀዝቀዣው፣ ፍሪጁ፣ ውሃ ማፍያው፣ የእማዬ ማሽን፣ ሌላውም ሁሉ ተደምሮ ከሦስት ኪሎዋት ትንሽ ያንሳል። «ሦስት ኪሎዋት ይበቃሻል፣ የቤንዚኑን ውሰጂ» ብዬ ጻፍኩልሽ። አንቺም «እህቴ፣ አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር» አልሽኝ።

አይበቃሽም። በእኛ ሙያ የመጀመሪያው ትምህርት ነው፤ የማቀዝቀዣ ሞተር ሲነሳ ለአፍታ ላዩ ላይ ከተጻፈው ሁለት ሦስት እጥፍ ይስባል። ውሃ ጥደሽ ማቀዝቀዣው ከተነሳ ጄኔሬተሩ ቀጥ ይላል። ይህን ረስቼው አይደለም፣ እያወቅኩ ነው። ሙቀቱ ሲያስመርራት፣ የቤንዚኑ ጩኸት ሲያውካት እማዬ በሁለተኛው ቀን «ወደ ልጄ መልሺኝ» እንድትልሽ ፈልጌ ነው። ይቺን አንዲት ቃል ፈልጌ።

የትንፋሽ ማሽኗም አብሮ እንደሚጠፋ አላሰብኩም ብልሽ ታምኚኛለሽ? እኔም ራሴን ማመን አቅቶኛል። ትናንት ከሰዓት በኋላ እማዬ ጋደም ብላ ሳለ መብራት ጠፋ። ማሽኑ ዝም ሲል ከማድቤት ሮጬ ገባሁ። ምንም አልሆነችም፤ ጭንብሏን አውልቃ ተቀምጣለች። «ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የደነገጥሽው?» አለችና እጄን ያዘችው። መብራቱ እስኪመጣ አልለቀቀችውም። እኔም የሠራሁትን ልነግራት አልደፈርኩም።

ዛሬ ጠዋት በትክክል ልደምርልሽ ዝርዝርሽን እንደገና አወጣሁት። በዚህ ጊዜ ግን ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን የዕቃዎቹንም ስም አነበብኩ። ዘጠነኛው ተራ ላይ «የእግር ማሞቂያ፣ መቶ ዋት» ይላል። ያን ዕለት ደምሬዋለሁ፤ ቀዩ ምልክቴ አጠገቡ አለ። አንቺ ከልጅነትሽ ጀምሮ ብርድ ልብስ እየረገጥሽ የምትጥይ ነሽ። እማዬ እግሯን የሞቀ ነገር ከነካው ትቆጣለች። በቤታችን በበጋ ሳይቀር እግሩ የሚበርደው አንድ ሰው ነው።

ምነው እኔንም ልትወስጂኝ መሆኑን በአፍሽ ብትነግሪኝ ኖሮ? ወይስ ነግረሽኝ፣ እኔ ዋት ስደምር አመለጠኝ?

የቤንዚኑን ተይው። ይቅር በይኝና አምስት ተኩል ኪሎዋት የናፍጣ ውሰጂ፤ ከመኪናው ታንክ ይቀዳልሻል፣ ድምፁም ዝቅ ያለ ነው። የጭሱ መውጫ ከእማዬ መስኮት በተቃራኒው ጎን ይሁን። ደግሞ ለማንም እንዳትሰጪው፣ እኔው ራሴ እገጥመዋለሁ። መኪናውን ይዘሽ ቶሎ ነይ፤ እማዬ ሻንጣዋን ከዘጋች ሳምንት አልፏታል።

መንገድሽን ያቅናልሽ። የሚወድሽ አይጥፋ፣ የሚቀናብሽም ልብ ይግዛ።

ታላቅ እህትሽ

ሳልነግርሽ እንዳልቀር፦ ዘጠነኛው ተራ መቶ ዋት አይደለም። ያ አሮጌው ማሞቂያዬ መቶ ሃምሳ ነው የሚስበው። አስተካክዬ ደምሬዋለሁ።