ሹሙ ያዘዘው ንባብ

ኅዳር 8 ቀን 1930 ዓ.ም.፣ ረቡዕ

ጣሊያኑ ሹም እኔን መረጠኝ። እሑድ፣ በሚካኤል በዓል፣ ጳውሎስ ለሹማምንት ተገዙ ያለውን በሕዝብ ፊት አንብቤ እንድተረጉም። እምቢ ብል ደብሩን አቃጥላለሁ ብሏል፤ እሺ ብል የቡሬ ሰው ባንዳ ይለኛል። ወንድሜ ከአርበኞቹ ጋር ዱር ከገባ አራት ወሩ። በምን ዓይኔ አየዋለሁ? ቀኑን ሙሉ ብራናው ላይ አፍጥጬ ዋልሁ። ፊደሉ እንደ ጉንዳን ይሄድብኛል።

ኅዳር 9፣ ሐሙስ

የኔታ ዘንድ ሄድሁ። ትርጓሜ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ አሁን ዓይናቸው ጠፍቷል። ግድግዳውን ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። ጭንቀቴን ብነግራቸው ሳቁብኝ! «አንተ፣ ቃል ብቻውን ይቆማል ያለህ ማነው? ጎረቤቱን ጠይቅ እንጂ። ይህን የጻፈው ጳውሎስ በሹማምንት እጅ ስንት ጊዜ ታሰረ?»

አሥራ ሁለት ዓመት ተምሬ ይህን አለማሰቤ! አፈርሁ።

ስመለስ ወደ ወጀት በሚወስደው መንገድ ዳር ጋደም አልሁ። ኑጉ አብቧል። ጳውሎስ በዚያ ሁሉ ቢጫ መካከል ሰንሰለቱን እየጎተተ ሲያልፍ አየሁት። እንደምን ዋልህ አለኝ፣ በጎጃም አነጋገር። ስነቃ ፊቴን ፀሐይ አቃጥሎኛል፤ ደስ ግን ብሎኛል።

ኅዳር 10፣ ዓርብ

የሹሙ አስተርጓሚ መጣ። የሰው አገር ሰው ነው፣ ቦት ጫማ አድርጓል፤ አልወደውም። «መሪጌታ፣ ያሳጥሩት» አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ስንት አንድም አለው?» አይለኝም! ደነገጥሁ። አንድም እያልን ሌላ ፍቺ እንደምናመጣ የሚያውቀው የጉባኤ ቤት ሰው ነው። ጉባኤ ቤት የዋለ ሰው ጣሊያን ዘንድ ምን ይሠራል? «አንድ ብቻ» ብዬ ዋሸሁ።

ኅዳር 11፣ ቅዳሜ

ያገኘሁት፦ ኅዳር ሚካኤል እስራኤል ከግብፅ የወጡበት መታሰቢያ ነው። ፈርዖንም ሹም ነበር። አዋላጆቹን ወንዶቹን ሕፃናት ግደሉ ቢላቸው እምቢ አሉት፤ እግዚአብሔርም መልካም አደረገላቸው። ጳውሎስ ራሱ ሹም የሚቆመው ለበጎ ነው ይላል። ለክፉ ከቆመስ?

ኦሪቱ ለመልእክቱ ሲመልስለት ሰማሁ። ሁለት ሽማግሎች ማዶ ለማዶ የሚጠራሩ ይመስላል። ደግሞ ፈራሁ። ገመድ ታየኝ።

ኅዳር 12፣ እሑድ

በሕይወት አለሁ!

መጀመሪያ እንደ ንባቡ ተገዙ አልሁ። አስተርጓሚው ለሹሙ ጮክ ብሎ ነገረው፤ ሹሙ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ሰዉ አንገቱን ደፋ። ከዚያ «አንድም» አልሁና ፈርዖንን፣ አዋላጆቹን፣ ባሕሩን አመጣሁ። እልልታው ቀለጠ። ሹሙ ዞሮ ምን አለ ብሎ ጠየቀ መሰለኝ። አስተርጓሚው ባጭሩ መለሰ። ሹሙ ሲጋራውን ለኮሰ፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ!

ሲወጡ አስተርጓሚው አጠገቤ አለፈ። ሳያየኝ «ያንኑ ደገመው ብየዋለሁ» አለ። እግሩ ላይ ብወድቅ ወደድሁ። ስሙን እንኳ አላውቅም።

ከሰዓት አንዲት ባልቴት መጡ። ሁለቱ ልጆቻቸው ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ዱር ገብተዋል። «የእርስዎን ቃል ሰምተው ነው» አሉኝ። ይርገሙኝ ይመርቁኝ ከፊታቸው አልለይ አለኝ። ይቀመጡ አልኋቸው። ተቀመጡ። እኔም አጠገባቸው ተቀመጥሁ።