ብሩሽ ለሌለው ሞተራችን ብሩሽ አምጡ ስለመባላችን

ለተከበሩ የፈቃድና ፍተሻ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
አዲስ ከተማ

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለወንበርዎና ወንበሩ ላይ ለተሰቀለው ኮትዎ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ፤ ባለፉት አራት ወራት ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ያገኘሁት ኮትዎን ስለሆነ፣ እሱ ደህና ከሆነ እርስዎም ደህና እንደሚሆኑ አምናለሁ።

ስሜ ሀስና ረዲ ይባላል። ሶማሌ ተራ አጠገብ በአንዲት ጠባብ ክፍል ከባልደረባዬ ከአለሙ ጋር ለባለ ሦስት እግር የጭነት ጋሪ የሚሆን የኤሌክትሪክ ሞተር እንሠራለን፤ እኔ ንድፉን አወጣለሁ፣ እሱ የመዳብ ሽቦውን ይጠመጥማል። የመጀመሪያ ደንበኛችን ሸማ ተራ ጋቢ የሚሸጡት እትዬ ሙሉመቤት ናቸው። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው፣ ጋሪዋ ከበዓሉ ገበያ በፊት እንድትደርስላቸው ለምነውን ነበር።

ሞተራችን ብሩሽ አልባ ነው። በድሮው ሞተር ውስጥ ኤሌክትሪኩን ወደሚዞረው ክፍል የሚያሻግሩ፣ እየተፋተጉ የሚያልቁ የካርቦን ቁራጮች አሉ፤ ብሩሽ የሚባሉት እነሱ ናቸው። በእኛ ሞተር የሚዞረው ማግኔቱ ስለሆነ እነሱ አያስፈልጉም። የመጀመሪያው ሙከራችን ሃያ አራት ማግኔት ነበረውና እንደ በቅሎ እየደነበረ አስቸገረን፤ አርባ ስናደርገው ግን ያለ ኮሽታ ዞረ። አለሙ ዓይኑን እየጠረገ አቧራ ነው አለ። ይህን ደስታችንን ይዘን ፈቃድ ልንጠይቅ ወደ እርስዎ መጣን፤ ስለተደረገልንም ሁሉ በቁጥር ለይቼ ላመስግን።

አንደኛ፣ የላኩልን ፈታሽ አቶ ዘመንፈስቅዱስ እጅግ ጠንቃቃ ሰው ናቸው። ቅጻቸው ላይ «ብሩሽ» የሚል ረድፍ ስላለ፣ ሞተሩን ዞረው ካዩ በኋላ «ብሩሹስ?» አሉኝ። የለውም አልኳቸው። «መቼ ነው የሚመጣለት?» አሉ። እንደማይመጣ ሳስረዳቸው «ዕቃው ጎዶሎ ነው» ብለው ጻፉና በትሕትና ተሰናበቱኝ።

ሁለተኛ፣ አቤት ስል ኮሚቴ ተሰየመልኝ፤ ለአንዲት የጋሪ ሞተር ሰባት ሰው መቀመጡ ትልቅ ክብር ነው። ንድፌ ላይ ሽቦው የሚጠመጠምባቸው ሠላሳ ስድስት የብረት ጥርሶች ተጠቅሰዋል። ሰብሳቢው ይህን አንብበው፣ ሠላሳ ስድስት ጥርስ ያለው ነገር ብሩሽ የለውም መባሉ ከጤና አኳያም እንደሚያሳስብ በቃለ ጉባኤ አስያዙ።

ሦስተኛ፣ ሞተሩ ድምፅ ስለሌለው መሥራቱን ማረጋገጥ አልተቻለም ተባለ። አቶ ዘመንፈስቅዱስ ድምፁን ቀረብ ብለው ሊሰሙ ጋሪዋ ላይ ሲወጡ የፍጥነት መስጫውን ያዙትና፣ አለሙና እኔ ከኋላቸው እየሮጥን ሸማ ተራ ደረሱ። የቆሙት እትዬ ሙሉመቤት ሱቅ በር ላይ፣ የጋቢ ክምር ውስጥ ገብተው ነው። አልሐምዱሊላህ፣ ምንም አልሆኑም። «ታዲያ ይሠራል ማለት ነው?» ብዬ ስጠይቃቸው፣ ከጋቢው ውስጥ ሆነው «መንቀሳቀሱ ታይቷል፤ መሥራቱ ገና ነው» አሉኝ።

ለበዓሉ አምስት ቀን ሲቀር እትዬ ሙሉመቤት እያነከሱ መጡ። «ሀስናዬ፣ እኔ ጉልበት የለኝም። የጎደለውን ገዝተሽ አትሰጫቸውም?» አሉኝ። አለሙ ወጣና ሰማያዊ የጥርስ ብሩሽ ገዝቶ መጣ፤ በሽቦ አድርጎም ከሞተሩ ክዳን ጋር አሰረው። አቶ ዘመንፈስቅዱስ በማግስቱ መጥተው አዩት፣ ነካ ነካም አደረጉትና «ብሩሽ፦ አለ» ብለው ፈረሙ። ፈቃዱ ከሰዓት በኋላ ወጣ።

አልዋሽዎትም፣ አፈርኩ። ስንት ሌሊት የደከምኩበት ንድፍ በጥርስ ብሩሽ ማለፉ ከነከነኝ። እትዬ ግን ስድስት እስር ጋቢ ጭነው፣ ራሳቸውም ከላዩ ተቀምጠው ዳገቱን ሲወጡ ሳይ ብስጭቴ ለቀቀኝ። በዚያው ፈቃድ የተመዘገብነው በብሩሽ አምራቾች ዘርፍ ስለሆነ፣ አለሙ ባለፈው ሳምንት የብሩሽ አምራቾች ማኅበር ምክትል ሊቀ መንበር ሆኖ ተመርጧል። ንግግርም አድርጓል፤ ተጨብጭቦለታል።

መሥሪያ ቤትዎ በትዕግሥት ስላስተማረኝ ትዕግሥት ከወገቤ ዝቅ ብዬ እያመሰገንኩ፣ ዕድሜና ሙሉ ጤና እመኝልዎታለሁ።

ታዛዥዎ፣
ሀስና ረዲ
የሞተር ንድፍ ባለሙያ፣ በእርስዎ መዝገብ ብሩሽ ሠሪ

ሳልረሳው፦ የብሩሽ አልባ ሞተር ጥበብ ምን እንደሆነ ጽፌ እንዳስረዳ ታዝዤ ነበር። በእኛ ሞተር ውስጥ ምንም ነገር እርስ በርሱ ሳይነካካ ማግኔቱ ይዞራል። በእርስዎ መሥሪያ ቤትም እንዲሁ ምንም ነገር ሳይነካ፣ ባለጉዳዩ ይዞራል።