ቤታችሁ የት ነው ሲሉኝ

ለውድ እህቴ ለሚስኪ ሙነወር፣ አሰላሙ አለይኩም። ደህና ነሽ ወይ? የእማስ ጉልበት እንዴት ሆነላት? ማሽላውስ ተሰበሰበ? እኔ አልሃምዱሊላህ አለሁ።

ከሾላ ለቀን ሩዋንዳ የሚባለው ሰፈር ገባን ብዬሽ ነበር። አዲሱ ቤት የስልክ መስመር ገና አልገባለትም። እና ጋሽ ኣፅብሃ፣ ያው የምሠራላቸው የእማማ ኣብርሀት ልጅ፣ ሞባይል የሚሉትን ይዘውት የሚዞሩትን ስልክ ገዛና ናዝሬት ለሥራ ሲሄድ ለኔ ትቶልኝ ሄደ። እናቱ ስኳር አለባቸው። አረንጓዴውን ስትጫኚ ይደውላል፣ ቀዩ ይዘጋል፣ ውሃ እንዳይነካው፣ መንገድ ላይ እንዳታወጪው ይነጥቁሻል አለኝ። የአምቡላንሱን ቁጥር ጽፎ ግድግዳው ላይ ለጠፈልኝ።

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ እማማ መርፌያቸውን ተወጉና ቁርስ አልበላም አሉ፣ ብለምን ብለምን እምቢ። ልብስ አስጥቼ ስመለስ ሳሎን ወለሉ ላይ ወድቀዋል፣ ላብ አጥምቋቸዋል፣ ብጠራቸው አይመልሱም። ደወልኩ። ሰውየው ቤታችሁ የት ነው አለኝ፣ እኔ ቂሏ የጋሽ ኣፅብሃ ቤት አልኩት። እህቴ፣ ከተማው ውስጥ ስንት ኣፅብሃ አለ፣ ሰፈሩን ንገሪኝ አለኝ። ሩዋንዳ አልኩት። ከአስፋልቱ በየት በኩል፣ ምን አጠገብ ሲለኝ በመስኮት ባይ የግቢው አጥር ብቻ። ሚስኪዬ፣ ሦስት ወር ኖሬበት ለካ ቤቱ የት እንደሆነ አላውቅም። ገበያ የምንሄደው በመኪና፣ የምንመለሰው በመኪና። የጎረቤት በር ባንኳኳ ውሻ ብቻ ጮኸ።

ሰውየው አልተቆጣኝም። በጎናቸው አስተኚያቸው፣ አፋቸው ውስጥ ምንም እንዳትጨምሪ፣ ስልኩ ገመድ የለውም አይደል፣ ይዘሽው ወደ አስፋልቱ ውጪና የምታዪውን ንገሪኝ አለኝ። የወደቀ ሰው ጥዬ ልውጣ? አሁንም እየጻፍኩልሽ የሚያስጨንቀኝ ይሄ ነው። በሩን ከፍቼ ትቼ ሮጥኩ። ያላለቀ ፎቅ፣ የአሸዋ ክምር፣ ልብስ ሰፊ እላለሁ። ወደ ቀኝ ነው ወደ ግራ የታጠፍሽው ይለኛል፣ በምበላበት እጅ በኩል አልኩት፣ ሳቀ መሰለኝ። አስፋልቱ ጋ የእንግዳ ማረፊያ የሚል ታፔላ ፊደል በፊደል አነበብኩለት። በቃ አወቅኩት፣ እዛው ቁሚ፣ ስልኩን ደብቂ አለኝ። ቆምኩ፣ ብብቴ ውስጥ አድርጌው። መኪናው እስኪመጣ ብቻቸውን ሞተው ይሆን እያልኩ እኔም አብሬ ሞትኩልሽ።

አልሞቱም። ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ ጥቂት ብትቆዩ አልቆላቸው ነበር አለን። ጋሽ ኣፅብሃ ሲደርስ ስልኩን ልመልስለት ብል አንቺ ጋ ይሁን አለኝ። እማማ ግን መጀመሪያ የጠየቁኝ፣ ስጠራሽ የት ሄደሽ ነበር ብለው ነው። ቤቱን ልፈልግ ሄጄ አልኳቸው። ልጃቸው ሳቀ፣ እሳቸው አልሳቁም፤ እጄን ይዘው ሁለተኛ ብቻዬን እንዳትተዪኝ አሉ። እሺ አልኩ። ግን ሚስኪዬ፣ ነገ ቢወድቁም ትቻቸው ነው የምሮጠው። ይሄን ላንቺ እንጂ ለማን እናገራለሁ።

እማን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ሃይደርን ትምህርቱን እንዳይተው ንገሪው። ትንሿን ሀጀርን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። ዱዓችሁ አይለየኝ።

እህትሽ ሰኪና

ቦሌ፣ ሩዋንዳ፣ ከእንግዳ ማረፊያው ገባ ብሎ በግራ፣ ልብስ ሰፊውን አልፎ፣ ካላለቀው ፎቅ ቀጥሎ ያለው አረንጓዴ በር
ኅዳር 15 ቀን 1992 ዓ.ም.