ጾመኛው ጠመንጃዬ

ጁላይ 6፣ 1864፣ ጆርጂያ

ለሚመለከተው ሕዝብ ሁሉ። ከባድ ሐዘን ደርሶናል። ጠመንጃዬ ጾም ገባ።

አሥራ ስድስት ጎራሽ ነው። መንግሥት አልሰጥም ቢለኝ በገዛ ደሞዜ የገዛሁት። ዛሬ ሆዱ ውስጥ ሁለት ፍሬ ቀረው። ሌላውስ? ሐብሐብ ላይ። አሥራ አራት ጥይት በአንድ ሐብሐብ፣ ለዚያውም ስቼው... ጀግና ማለት እኔ።

የድንኳን ጓደኛዬ ሎረን ደግሞ አንድም የለው። የሱን ጥይት ለቅኝት የወጡት ጓዶቻችን ወሰዱበት።

ጁላይ 8

የመንግሥት ጋሪ መጣ። ሌላ ጊዜ የሚያመጣው የወረቀት ጥይት ነው፣ በአፈሙዝ ለሚጎርሱት። ዛሬ እንደኛው የመዳብ! ጨፈርን። ስንሞክረው አልገባም፤ የሌላ ጠመንጃ ነው። ለግምጃ ቤቱ ሹም ቶሎ ቶሎ የሚተኩስ ሁሉ አንድ ነው።

ሃምሳ አለቃ ፕሩት ሳቀብን። በገዛ ጠመንጃችሁ ስትኮሩ አልነበር፣ ኩሩ እንጂ አለን። አዋጥተን ያዘዝነው ሳጥን በባቡር ይመጣል ይላሉ። መቼ?

ጁላይ 10

ከወንዙ ማዶ ዌብ የሚባል የጠላት፣ የደቡብ ጦር ጠባቂ አለ። እኔና እሱ አንተኳኮስም። እሱ ትምባሆ፣ እኔ ቡና፣ በዛፍ ቅርፊት ጀልባ እንላላካለን። ዛሬ ከኛ ሰዎች የማረከው አሥራ ስድስት የመዳብ ጥይት እንዳለው ነገረኝ። ጠመንጃው ግን የለውም። ስጠኝ አልኩት።

«ምን ያደርግልሃል?» አለኝ።

«ለዓሣ መረብ ማስመጫ።»

«እንግዲያው ደህና ቡና ላክ ወንድሜ።»

ላክሁለት። ግማሹ የተቆላ አተር ነው። ሳቄን እንዴት እንደቻልኩት...

ጥይቱ በጀልባዋ መጣ። ስምንቱን ለሎረን ሰጠሁት፣ እንደ ንጉሥ። ከየት አመጣህ እንኳ አላለኝም። አመነኝ። እኔን!

ጁላይ 13

ጎህ ሲቀድ ደቡቦቹ ወንዙን ተሻግረው መጡብን። ሁለቱ የድሮ ጥይቶቼ ጮኹ። ሦስተኛው... ጠሽ። የዝንብ ፈስ። የሎረንም ጠሽ። ዌብ ባሩዱን አውጥቶ፣ አመድ ሞልቶ፣ እርሳሱን መልሶ ገጥሞልኛል።

ሎረን ዞሮ አየኝ።

«ይሄ የአንተ ቀልድ ነው?»

ያኔ አንዷ ጥይት የጆሮውን ጫፍ ይዛ ሄደች። ሁለት ጣት ወደ ውስጥ ብትል ኖሮ...

ያዳኑን እነዚያ በአፈሙዝ ጎራሾቹ ናቸው። ስንስቅባቸው የከረምነው።

ጁላይ 14

ሎረን አያናግረኝም።

ጁላይ 17

ሳጥናችን ደረሰ። ሎረን የሱንም የኔንም ጥይት አንድ በአንድ ጆሮው ላይ እየነቀነቀ አዳመጠ፣ በደህናው ጆሮው። ከዚያ «ደህና ነው፣ አጉርስ» አለኝ። በአራት ቀን የመጀመሪያ ቃሉ። ጥርሴን እንዳላሳይ ጎንበስ ብዬ አጎረስኩ።

ሐብሐብ አየሁ። ሰላም ብዬው አለፍኩ።

ነገ እንነሳለን። ለዌብ አንድ ኩባያ ቡና ላክሁ፣ ምንም ያልተቀላቀለበት። አያምነኝም፣ ይደፋዋል። እኔም ብሆን እደፋው ነበር።

ሲጠቃለል ምንድን ነው? አንድ ሐብሐብ፣ ትንሽ አተር፣ ከጆሮም ጫፉ። ተራ ነገር።